በእጅዎ ይስጡልኝ ያልኩት ደብዳቤ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥቅምት 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘይኑልአቢዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ፣ ባዕዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

የመድኃኒት ትምህርትህን ጨርሰህ መመረቅህን በላክኸው ፎቶግራፍ አየን። ማሻአላህ። ከረባቱ ግን አንገትህን አንቆሃል መሰለኝ፣ ዓይንህ ፈጧል። ለእናትህ ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ ፎቶግራፉን በእጄ ሰጠኋት። «ለመንገደኛ ብትሰጠው ምን ነበረበት፣ በዚህ ጉልበትህ» አለችኝ። የአደራ ነገር በሰው እጅ አይሆንልኝም፤ አንተም እቤቴ ሆነህ ስትማር ታውቀኛለህ።

ልጄ ሙሄዲን አሁንም በሰሜን የጦር መኪና ይነዳል፤ በዱዓ አስበው። ይህን የምትጽፍልኝ ሚስቱ ኡሙሰልማ ናት፤ እኔ የማውቀው የቁርአኑን ፊደል ብቻ ነው። እሷም ሰላም ብላሃለች።

ተምረህ የቀረህ አያድርግህ። ለወገንህ የምትሆን ያድርግህ። አሚን።

አጎትህ ሼህ ሀምዱ


(በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት)

ወንድሜ ዘይኑ፤

ሰላምታውን አባባ ጨርሰውታል፤ እኔ ሳይጻፍ የቀረውን ልጻፍ። ይህችን ወረቀት የማስገባት እሳቸው ሙጫ ሊያመጡ ሲነሱ ነው። አንብበህ ቅደዳት።

ስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ከኔ ትኮርጅ ነበር። ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ ካንተ ልኮርጅ ነው።

ልጄን ጣይባን በቀዶ መውለዴን ሰምተሃል። አምና ሁለተኛውን ስወልድ የሆነውን ግን ማንም አልጻፈልህም። የድሮው ስፌት ተቀደደ። ልጁ አልተረፈም፤ እኔንም ሁለት ሰው ደም ሰጥቶ ነው ያተረፈኝ። ሐኪሙ «ሦስት ዓመት ሳይሞላሽ ብታረግዢ ለልጁ ቀርቶ ላንቺም ዋስ አልሆንም» አለኝ። ሙሄዲን ይህን ያውቃል። ግን ሾፌር ነው፤ መምጫውን አያስነግርም። ጭነት ይዞ ኮምቦልቻ ሲደርስ አንድ ሁለት ቀን ይፈቅዱለትና ከች ይላል። ከግንባር በስድስት ወሩ የመጣን ባል «ራቅ ብለህ ተኛ» የሚል አፍ የለኝም። ልቡም የለኝም፣ ምን ልዋሽህ።

በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒን ውሰጂ ትለኝ ይሆናል። ለሱ በየወሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ መሰለፍ አለ። ባሏ ዘመቻ ያለ ሴት ለኪኒን ስትሰለፍ ሰፈሩ ምን እንደሚል አታጣውም። አንዷ ከኋላዬ ቆማ «ለማን ብላ ይሆን?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልሄድኩም።

ስለዚህ ሀጃዬ ይህ ነው፦ ከሆነ በኋላ የሚወሰድ ነገር አለ ወይ? ሳይረገዝ፣ ወዲያው? ካለ ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ።

ደስታም አለኝ። መሠረተ ትምህርት ሳስተምር አይተውኝ፣ በመጪው መስከረም ኮምቦልቻ ለሚከፈተው የመምህራን ኮርስ ስሜን ጽፈውታል። እርጉዝ ግን አይቀበሉም።

ኡሙሰልማ


ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን
ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሼህ ሀምዱ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ በዱዓዎ ደህና ነኝ። አሁን በአንድ መድኃኒት ቤት የአንድ ዓመት ተኩል ልምምድ ጀምሬአለሁ። ከረባቱ የተውሶ ነበር፤ ባለቤቱ ከኔ ቀጭን ስለሆነ ነው ያነቀኝ።

ከዚህ ጋር ለእህቴ ለኡሙሰልማ ያሸግሁት ትንሽ ፖስታ አለ። ስለ መምህራን ኮርሱ የጻፍኩላት ምክር ነው። አማና፣ አደራ ነውና ለሌላ ሰው ሳያሳዩ በእጅዎ ይስጡልኝ።

እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ ዘይኑልአቢዲን


(በታሸገው ትንሽ ፖስታ ውስጥ)

እህቴ ኡሙሰልማ፤

እንዴት ነሽ? ጣይባስ? አብሽሪ! አለ!

ወረቀትሽ እንደ ደረሰኝ ምሳዬን ትቼ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። እስኪዘጋ መጽሔት ሳገላብጥ ዋልኩ፤ በማግሥቱ መምህሬን ጠየቅሁ። «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለአገሬ ሴቶች» አልኩት። አልዋሸሁም። ወላሂ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው አገር ሳል ከማክም እንዲህ ዓይነቱን ነገር ይዤ በየወረዳው ብዞር እላለሁ። እግሬን ይበላኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪኒኑ ሌላ አይደለም፤ ያው በየቀኑ ከሚዋጠው ነው። ልዩነቱ በዛ አድርጎ ባንድ ጊዜ መዋጡ ነው። ከተገናኛችሁ በኋላ ሦስት ቀን ሳይሞላ፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ትደግሚያለሽ። ስንት ፍሬ እንደሆነ እንደ ኪኒኑ ዓይነት ይለያያል። በዚህ ወረቀት ጀርባ ሠንጠረዥ ሠርቼልሻለሁ፤ ከነርስ ጋር ሆነሽ እዪው፤ በግምት እንዳትወስጂ። ያቅለሸልሻል። ወዲያው ካስመለሰሽ መድገም አለ። ያረገዘችን ሴት አያስወርድም፤ ከመያዙ በፊት የሚከላከል ነው። ስለዚህ ሰው ቢጠይቅሽ ወንጀል አልሠራሽም።

ሦስት ቀን ካለፈ ግን አይሠራም፤ አትሞክሪው።

(ከዚህ ቀጥሎ አንድ መስመር ተጽፎ በወፍራሙ ተሰርዟል)

ለኮርሱ እንኳን ደስ ያለሽ። አንቺ ስምንተኛን ጨርሰሽ የተዳርሽ ቀን ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ ደብተርሽን ማን ይወርሰው ይሆን ብዬ አስብ ነበር። አሁን ራስሽ ልትወርሺው ነው።

ወንድምሽ ዘይኑ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ታኅሣሥ 26 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘይኑልአቢዲን፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ በያለህበት ይጠብቅህ።

የላክኸው አማና ደርሷል። የእህቴ የመርየም ባል ሞቶ ታኅሣሥ 5 ቀን ወደ ደጋን ለለቅሶ ስወጣ፣ ፖስታ ሣጥኑን የምንጋራው ኑርሁሴን ሱቁ በር ላይ ጠርቶ ደብዳቤህን አቀበለኝ። መኪናው ሊነሳ ስለነበር ወደ ቤት አልተመለስኩም። ደጋን ደርሼ አንድ ተማሪ አነበበልኝ። «በእጅዎ» ማለትህን ስሰማ ትንሹን ፖስታ ለማንም አላሳየሁም። ሁለት ጊዜ ወደ ደሴ የሚመለስ ዘመድ «ስጡኝ፣ ላድርስልዎ» ብሎኝ እንቢ አልኩ። የኮርስ ነገር ነው፣ አይቸኩልም፣ አማና ግን አማና ነው አልኳቸው። አሥር ቀን ከደረት ኪሴ አላወጣሁትም። ተመልሼ በገዛ እጄ ሰጠኋት። አማናህን ሳላጎድል አድርሻለሁ፤ አላህ ምስክሬ ነው።

አጎትህ ሼህ ሀምዱ


(በዚሁ ፖስታ ውስጥ)

ዘይኑ፤

ከላይ ያለውን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሳላጎድል አድርሻለሁ» ሲሉኝ እስክሪብቶው ቆመብኝ። «ምነው ልጄ፣ ቀለም አለቀ?» አሉኝ። «አዎ አባባ» አልኩና እፍ እፍ አልኩበት።

ሙሄዲን ታኅሣሥ 11 ማታ ከች አለ። በ13 ጎህ ሳይቀድ ሄደ። ጠባሳዬን ሲያይ እጁን ሰበሰበና «ሐኪሙ ያለው አለ አይደል?» አለኝ። እሱ አስታውሶ ነበር ዘይኑ። «አብሽር፣ ዘይኑ መላ እየላከልኝ ነው፣ ዛሬ ነገ ይደርሳል» ያልኩት እኔ ነኝ። ምን እንደምትጽፍልኝ እንኳ ሳላውቅ አመንኩህ። ድሮም የምታውቀውን ነገር ሳትናገር ማደር አትችልም ነበርና።

አባባ በ15 ረፋድ ላይ መጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲሰጡኝ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። ጓዳ ገብቼ አነበብኩት። ከ11 ማታ ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስቱ ቀን ትናንት ማታ ሞልቷል። «አትሞክሪው» በሚለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ አሥምረሃል። አልሞከርኩም። የተማርከው አንተ ነህ።

ምናልባት ምንም የለም ይሆናል። ዱዓ አድርግልኝ። ለአባባ ግን በምንም መንገድ እንዳትነግር።

ደግሞ አንድ ነገር፦ የሰረዝከው መስመር ምን ይል ነበር?

ኡሙሰልማ


ላይፕዚግ
ጥር 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሼህ ሀምዱ፣ ለውድ እህቴ ለኡሙሰልማ፣ ለትንሿ ጣይባ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርማችኋል? ሰፈሩስ? ጎረቤቱስ? ኑርሁሴንስ ደህና ነው? ደጋን ያሉት አክስቴ መርየም እንዴት ሆኑ? አላህ ያጽናቸው። እዚህ በረዶው ከጉልበት ደርሷል። በመድኃኒት ቤቱ እኔን የሚያዩ አሮጊቶች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ሁለተኛ ቀን ግን «ጥቁሩ ልጅ የታለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሥራው ይጥመኛል። የምመለስበትን ቀን እቆጥራለሁ።

ለኡሙሰልማ፦ ስለ ኮርሱ ጉዳይ አትስጊ። ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ነገር ሳይሆን ያልፋል። በዚህ ወር የምትጠብቂው ካልመጣ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ አትርሺ። ደም ማነስ እንዳይኖርብሽ የብረት ኪኒን ለብቻው በጥቅል ልኬአለሁ።

የተሰረዘው ምንም አይደለም። ቃል ተሳስቼ ነው።

ዘይኑልአቢዲን


ደሴ
መጋቢት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘይኑ፤

ዛሬ አባባ አላጻፉኝም። ፖስታውን ኑርሁሴን ሱቅ ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ እለጥፈዋለሁ። እንግዲህ እንዲህ መጻፍ ከቻልኩ እስከ ዛሬ ለምን ተደበቅሁ እያልኩ ነው የምጽፍልህ።

አርግዣለሁ። ሦስተኛ ወሬ ነው።

ትናንት ሰልፉን ጥሼ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሲስተር ፀሐይነሽ የምትባል ነርስ አለች፤ ጴንጤ ናት ብለው ሰዎች ይሸሿታል፣ እኔንም ሌላ ነገር ብለው እንደሚሸሹኝ። ተገናኘን። ጠባሳዬን ዳሰሰች። ደብዳቤህን አሳየኋት። የኪኒኑን ነገር አንብባ «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ልክ ጽፏል» አለች። ኮራሁብህ። ከዚያ የተሰረዘው ላይ ደረሰች። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ብርሃኑን ከኋላ አደረገችው። «እስከ አምስት» የሚል ታየን። ሌላው አልታይ አለን። እሷ ግን ገባት።

«ሉፕ ነው የጻፈው» አለችኝ። «ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ። ከተገናኙ እስከ አምስት ቀን ከተቀመጠ ይከላከላል። በስንተኛው ቀን ነው ደብዳቤው የደረሰሽ?»

«በአራተኛው፣ ረፋድ ላይ።»

መሳቢያዋን ስባ አሳየችኝ። አራት ነበሩ፣ በየከረጢታቸው። «መርምሬሽ የሚሆንሽ ከሆነ የዚያኑ ቀን አስቀምጥልሽ ነበር። እስከ ማግሥቱ ማታ ጊዜ ነበረሽ። እዚሁ ነበርኩ እኮ፤ ሻይ ነበር የምጠጣው!» ብላ ተቆጣች። ማንን እንደተቆጣች አላወቅሁም። ከቤቴ እስከ እሷ ሃያ ደቂቃ ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አላወቅህም ነበር፣ ወይስ አውቀህ ሰረዝክብኝ? ቃል ተሳስቼ ነው እንዳትለኝ።

ኡሙሰልማ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ሰኔ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘይኑልአቢዲን፤

አሰላሙ አለይኩም። ምነው ዝም አልክ? አምስተኛ ወሩ ነው፣ አንድ መስመር የለም። ታመህ ነው? ወይስ ሰው ሆንኩ ብለህ ረሳኸን? እናትህ ከኮምቦልቻ በየሳምንቱ ታስጠይቀኛለች፤ እኔም «ፖስታው ዘግይቶ ነው» እያልኩ በእርጅናዬ ውሸት ለመድኩ። አማና ስትሰጠኝ አላጎደልኩብህም፤ አንተ የኛን ሰላምታ ስለምን ታጎድላለህ?

ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ አልሐምዱሊላህ። ፊቷ ግን አላማረኝም። ዱዓ አድርግላት።

ሼህ ሀምዱ


(ከግርጌው፣ በደቃቅ ጽሕፈት)

ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከኮርሱ ስሜን አውጥተውታል። ጥያቄዬ አሁንም ያው ነው።


ላይፕዚግ
ሐምሌ 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

እህቴ ኡሙሰልማ፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ይህኛውን እንዳልቀድ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ይጠብቁ።

አውቅ ነበር።

መጽሔቱ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ነበሩ። ኪኒኑ ሦስት ቀን፣ ሉፑ አምስት። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ አነበብኩት። የአጎቴ የሼህ ሀምዱ ምራት፣ የሙሄዲን ሚስት፣ እኔ ደግሞ «ማህፀንሽ ውስጥ ይገባል» ብዬ በእጄ ጽፌላታለሁ። ጆሮዬ ጋለ። ሙሄዲን ቢያነበው ብዬ አሰብኩ። ኪኒን ሲሆን ይዋጣል፣ ያልፋል፤ ያኛው ግን ገላሽን እንደማየት ሆነብኝ። ሰረዝኩት። ከዚያ ለኅሊናዬ ሌላ ምክንያት ሰጠሁት፦ ደሴ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ማን አለ፣ ብጽፈውስ ማን ያደርግላታል አልኩ። እዚህ ሆኜ አገሬን ናቅሁ። ሲስተር ፀሐይነሽ እዚያው ነበረች፣ ከነመሳቢያዋ።

ያ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አለ። ለአጎቴ «የኮርስ ምክር ነው» ብዬ ዋሸኋቸው። «የጤና ጉዳይ ነው፣ ይቸኩላል» ብዬ ቢሆን ከደጋን በእግራቸውም ይመለሱ ነበር። ታውቂያቸዋለሽ። «በእጅዎ» አልኩና እጃቸውን አሰርኩት። ለክብርሽ ብዬ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳየው የጠበቅሁት የራሴን ነው።

ሦስተኛ፣ ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። ከዚያ መልስ አጣሁና ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር ወርሽ እየገፋ እንደሆነ እቆጥር ነበር። ሁሉን ነገር ቶሎ እናገራለሁ የምለው ሰውዬ መናገር በነበረብኝ ጊዜ ምላሴ ታሰረ።

አሁን የምልሽን ለአላህ ብለሽ ስሚኝ። ምጥ እስኪመጣ እቤት እንዳትጠብቂ። ወር ሲቀርሽ ሆስፒታል አጠገብ ሂጂና ተቀመጪ። የድሮው ስፌት መቀደዱን ለሐኪሙ መጀመሪያ ንገሪው፤ በቀጠሮ ይቅደዱሽ። ደም የሚሰጥ ሰው ከወዲሁ ፈልጊ። ሲስተር ፀሐይነሽን አትልቀቂያት።

ለመመለስ አመልክቻለሁ። «ልምምድህን ጨርስ» ይሉኛል።

አፉ በይኝ። ይቅርታውን አሁኑኑ ስጪኝ ማለቴ አይደለም።

ዘይኑ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥቅምት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዘይኑ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። አለሁ። ተቀምጬ መጻፍ የቻልኩት ዛሬ ነው።

እንዳልከው አደረግሁ። ሲስተር ፀሐይነሽ ራሷ ይዛኝ ቦሩ ሜዳ ወሰደችኝ፤ ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ባልቴት ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ባልቴቷ የኔን ዱዓና የሲስተር ፀሐይነሽን ጸሎት ሰምታ «በሁለት በር አንኳኩታችኋል፣ ካልተከፈተ እንግዲህ ቤቱ ባዶ ነው» ብላ አሳቀችን። ነሐሴ 21 ቀን ቀደዱኝ። ደም ሰጪዎቹ ኑርሁሴንና ሲስተር ፀሐይነሽ ናቸው። ጴንጤ ደም ይዤ ቁርአን እቀራለሁ በልልኝ።

ሴት ልጅ ናት። ደህና ናት። ሐዋ አልናት። እኔን ለማትረፍ ግን ማህፀኔን አወጡት። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሙሄዲን ወንድ ልጅ ይመኝ ነበር፤ እስካሁን በደብዳቤ አልነገርኩትም። ሲመጣ ፊቱን እያየሁ እነግረዋለሁ። የሱ ነገር ያስፈራኛል። እንስራ ማንሳት አልችልም፤ ጣይባ በጣሳ ታመላልስልኛለች። ኮርሱ መስከረም ተከፍቷል፤ በኔ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል።

ሐዋን ሳያት አልጸጸትም። ጣቴን ጨብጣ ስትተኛ ልቤ ይሞላል። ግን እሷን ስለወደድኳት ያ መስመር ትክክል ሆነ ማለት አይደለም። ሁለቱንም ባንድ ልብ እንደያዝኩ ነው፤ እንዴት እንደሚቻል አትጠይቀኝ።

አፉ በይኝ ብለሃል። ጊዜ ስጠኝ። ያስቆጣኝ አለማወቅህ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሠንጠረዡን ሠርተህ፣ በቀይ አሥምረህ፣ ያን ሁሉ ደክመህ፣ ለኔ የሚሆነውን ግን አንተ መረጥክልኝ። እኔ አፍሬ አልጠየቅሁህም እኮ። አንተ በኔ ቦታ አፈርክልኝ።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው፦ ያንን ነገር እንደገና ጻፍልኝ። ሙሉውን። በኔ ስም፣ በኑርሁሴን ፖስታ ሣጥን። ውስጥ ለውስጥ የታሸገ ፖስታ አልፈልግም። ሲስተር ፀሐይነሽና እኔ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ ለቆሙት ሴቶች እናነብላቸዋለን። እዚያች «ለማን ብላ ይሆን» ያለችኝ ሴትዮ ፊት መጀመሪያ አነበዋለሁ። መስመር እንዳትሰርዝ።

ሁለተኛው፦ አባባ በየጁምዓው ይጠይቁኛል። «ዘይኑ አማናውን ስለማድረሴ አንድ ቃል አልጻፈልኝም። ምን አጥፍቼበት ይሆን?» ይላሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ኪሳቸውን እየነካኩ ያችን አሥር ቀን ለሰው ሁሉ ያወራሉ፤ በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ በሷ ይኮራሉ። ምንም አያውቁም፣ ወደፊትም አያውቁም። ይህን እኔ ይዤላቸዋለሁ። አንተ ደግሞ የድርሻህን አድርግ። አመስግናቸው።

ኡሙሰልማ


ላይፕዚግ
ኅዳር 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ኡሙሰልማ፤

ሰላምታው ከታች ነው። ጉዳዩ ይቅደም።

ባልታሰበ ጊዜ ከባሏ ወይም ከወንድ ጋር የተገናኘች፣ ማርገዝ የማትፈልግ ወይም ማርገዝ የሌለባት ሴት ዛሬውኑ ወደ ነርስ ትሂድ። ነገ አትበል። የሰፈር ሰው ምን ይላል አትበል። እስከ ሦስት ቀን በየቀኑ ከሚዋጠው ኪኒን በዛ አድርጋ ትወስዳለች፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ትደግማለች። ስንት ፍሬ እንደሆነ ነርሷ ትነግራታለች፤ ሠንጠረዡን ከዚህ ጋር በትልቁ ጽፌዋለሁ። ያቅለሸልሻታል፤ ካስመለሳት ተመልሳ ትጠይቅ። ሁሌ የሚያዋጣ አይደለም፤ የሚቀጥለው የወር አበባ ከቀረባት ትመርመር። አርግዛ ከሆነ አያስወርድም።

ሦስቱ ቀን ካለፈባት ደግሞ ሉፕ አለ። ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። ነርሷ መርምራት የሚሆናት ከሆነ እስከ አምስት ቀን ታስቀምጥላታለች፤ ከኪኒኑም ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ ከዚያ በኋላም እዚያው ሆኖ ለዓመታት ይጠብቃታል። በየወሩ መሰለፍም የለበትም። የባሏን መምጫ ለማታውቅ ሴት መጀመሪያውኑ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነበር። ያ የሰረዝኩት መስመር ይህ ነው።

በአራተኛው ቀን የደረሰች፣ በአምስተኛውም የደረሰች ትሂድ። ሰዓቷን ቆጥራ እቤቷ አትቅር። «አትሞክሪው» ብሎ የጻፈላት ሰው ካለ፣ እኔም ብሆን፣ አትስማው። ነርሷ ፊት ቀርባ ትስማ።

ይህን ሳነበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ምንም አልሰረዝኩም።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ እህቴ? ሐዋ እንዴት ናት? ጣይባ ጣሳው አልከበዳትም? ሲስተር ፀሐይነሽን እጅ ንሺልኝ። በሚያዝያ ልምምዴ ያልቃል፤ የመመለሻ ፈቃዱ ከመጣ በግንቦት ደሴ ነኝ። አንቺ እስክትጠሪኝ ደጃፍሽን አልረግጥም፤ ኑርሁሴን ሱቅ በር ላይ ግን ታዪኛለሽ። ስምንተኛ ክፍል የተውሽው ደብተር ካለ፣ ኮርሱ ዳግም ሲከፈት እኔ ልሸከመው።

ከዚህ በታች ያለው የአባባ ነው። የምታነቢላቸው አንቺ ስለሆንሽ አፉ በይኝ። ድምፅሽ ከቆመብሽ «ጽሕፈቱ ደብዝዟል» በያቸው።

ለተከበሩ አጎቴ ለሼህ ሀምዱ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ዓመት ሙሉ ሳላመሰግንዎ መቆየቴ የኔ ነውር ነው፤ እርስዎ ያጠፉብኝ የለም። አማናዬን አሥር ቀን በደረት ኪስዎ ይዘው፣ ለመንገደኛ ሳይሰጡ፣ ልክ እንዳልኩዎ በገዛ እጅዎ አድርሰውልኛል። አላህ ኸይርዎን ይክፈልዎ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የጎደለ ነገር ቢኖር ከላኪው ነው፤ ከእርስዎ እጅ የጎደለ የለም።

ልጅዎ
ዘይኑልአቢዲን